በመጀመሪያው ትውልድ ስለ ተዳቀሉ የውሻ ቡችሎች አስተዳደግና አጠባበቅ

ለበግና ለፍየል ጠባቂ፣ ለበረትና ለጎተራም ዘበኛ የሚሆን ውሻ በባላገሩ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሀብት ነው። ዳሩ ግን ስለ በሬና ስለ ላም፣ ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ ርቢ ብዙ ሲጻፍና ሲመከር ስለ ውሻ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ሰው ከነከሰ በኋላ ነው። ይልቁንም ካገር ውሻና ከውጭ አገር ዘር የሚወለደው ዲቃላ ቡችላ በከተማም በገጠርም ስለሚፈለግና በገንዘብም ስለሚሸጥ፣ የሚገዛው ሰው ምን እንደ ገዛ፣ የሚሸጠውም ምን እንደ ሸጠ ሊያውቅ ይገባዋል። የወረዳ ሹማምንትም ነገሩን ከሥሩ ቢያውቁት ለሕዝቡ ምክር ለመስጠት ይመቻቸዋል።

የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ የሚባለው ዘራቸው ከተለያየና እያንዳንዳቸው ንጹሕ ከሆኑ ከሁለት ወላጆች በቀጥታ የተወለደው ነው። ያገሬው ሰው የዚህን ነገር ጥቅም ከበቅሎ ተምሮታል። በቅሎ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት ተወልዳ በትዕግሥትና በእግር ጽናት ከፈረስ፣ በቁመትና በጕልበት ከአህያ ትበልጣለች። ነገር ግን በቅሎ መካን ስለ ሆነች፣ በቅሎ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ወደ አህያውና ወደ ባዝራዪቱ ተመልሶ መጀመር ግዴታው ነው። ዲቃላ ውሻ ግን መካን አይደለም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሰው መልካሙን ዲቃላ ካየ በኋላ ከዲቃላው ሌላ ዲቃላ አስወልዳለሁ፣ እርሱም እንደ አባቱ ይሆናል ብሎ ያስባልና።

እንደዚህ የማይሆንበትን ምክንያት መጀመሪያ ያስረዳው ግሪጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ ነው። ይህ ሰው በብርኖ ከተማ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተርን እያዳቀለ የመረመረውን በ1866 ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሳተመ፤ በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ሐምራዊ አበባ ያለውን አተር ነጭ አበባ ካለው ጋራ ባዳቀለ ጊዜ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ሐምራዊ ሆነ። እነዚያን እርስ በርሳቸው ባራባ ጊዜ ግን በሁለተኛው ትውልድ ከአራት አንድ ያህሉ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ነጭነቱ ተሰውሮ ቆየ እንጂ አልጠፋም ነበር።

በውሻም ሥርዐቱ ይኸው ነው። ለምሳሌ የጀርመን እረኛ ውሻ የሚባለውን ዘር ብንወስድ፣ የዘሩ ማኅበር በ1899 ከተመሠረተ ወዲህ በጥቂት አባቶችና እናቶች ላይ ተመሥርቶ ከሌላ ዘር ሳይቀላቀል የተራባ ነው። ስለዚህ መልኩና ጠባዩ አንድ ዓይነት ሆኖ ቢገኝም በደሙ ውስጥ የተሰወሩ ጕድለቶች አብረውት ይኖራሉ፤ የዳሌው መገጣጠሚያ ሳይስተካከል አድጎ ገና በወጣትነቱ የሚያነክስበት ደዌ ከእነዚህ አንዱ ነው። ያገር ውሻ በበኩሉ ማንም ሳይመርጥለት፣ ረኀቡና ብርዱ፣ ጅቡና በሽታው እየመረጠው የመጣ ነው። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ቡችላው ከእያንዳንዱ ወላጅ እኩል ድርሻ ስለሚቀበል ያንዱ የተሰወረ ጕድለት በሌላው ጤና ይሸፈናል። ቡችሎቹም ባብዛኛው ጠንካሮችና ፈጥነው የሚያድጉ፣ እርስ በርሳቸውም የሚመሳሰሉ ይሆናሉ።

ዲቃላውን ከዲቃላ፣ ይባስ ብሎም ወንድሙን ከእኅቱ ያገናኙ እንደ ሆነ ግን በመዳቀል የተገኘው ብርታት ቢያንስ እኩሌታው ይጠፋል፤ ቡችሎቹም አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ቍጡ፣ አንዱ ፈሪ ሆነው ይወለዳሉ። ስለዚህ ለርቢ የማይፈለገውን ዲቃላ ማኰላሸት፣ ሴቲቱንም በሐኪም እጅ ማምከን ከሁሉ ይሻላል። እንዲሁም ሁለቱም ዘሮች አንድ ዓይነት ጕድለት ያላቸው ከሆነ መዳቀል አይሸፍነውም፤ የዳሌው ደዌም በብዙ ዘር ውስጥ ስለሚገኝ፣ አባቱ ሲሄድ ወገቡን የሚያወዛውዝ እንደ ሆነ በዲቃላው ላይ አይታይም ብሎ መተማመን አይገባም።

ዲቃላ ማለት ግማሹ እንደ አባቱ፣ ግማሹ እንደ እናቱ ማለት የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህንን በደንብ የመረመሩት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ናቸው። እነርሱም በሜይን አገር በባር ሃርበር፣ ባሴንጂ የሚባለውን የማይጮኽ የኮንጎ ውሻ ኮከር ስፓኒየል ከሚባለው ለማዳ ውሻ ጋራ አዳቅለው፣ አንድ ጊዜ አባቱን ከዚህ፣ ሌላ ጊዜ ከዚያ እያደረጉ፣ ቡችሎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት አሳድገው መረመሩ፤ መጽሐፋቸውም በ1965 ታተመ። የመጀመሪያው ትውልድ በመጮኽ እንደ ኮከሩ ሆነ፤ በ5 ሳምንቱ የሰው እጅ ሲነካው በመሸሽና በመፍራት ግን ወደ ባሴንጂው አደላ። እንግዲህ እያንዳንዱ ጠባይ በየራሱ መንገድ ይወርዳል እንጂ እንደ ወተትና እንደ ውኃ ተቀላቅሎ አማካይ አይሆንም። አባቱ ለማዳ ነው ተብሎ የተገዛ ቡችላ የእናቱን ድንጉጥነት ይዞ ቢገኝ ሻጩ ዋሸ አይባልም። የሚገዛ ሰው ግን አባቱን ብቻ ሳይሆን እናቲቱንም አይቶ ይግዛ፤ እናቲቱን ለማሳየት እንቢ ከሚል ሻጭ ደግሞ ባይገዛ ይሻለዋል።

ለመዳቀል የምትመረጠው ሴት ውሻ 2 ዓመት ገደማ የሆናት፣ በአካሏም ያልቀጨጨች ትሁን። ትንሽዋን ሴት ለእጅግ ትልቅ ወንድ መስጠት አደጋ አለበት፤ በተለይ ያረገዘችው አንድ ወይም ሁለት ቡችላ ብቻ ሲሆን ቡችላው ይገዝፍና ምጥ ይጸናባታል። ከመጠቃቷ አስቀድሞ ክትባቷን ትጨርስ፤ የወስፋት መድኀኒትም ትውሰድ። እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ነው። ከመውለዷ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ነፋስ የማይገባበት፣ ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት ማእዘን ተዘጋጅቶላት ትልመደው፤ ያን ጊዜ ሄዳ ከቍጥቋጦ ሥር ወይም ከጎተራ በታች አትወልድም።

የተወለደ ቡችላ ዓይኑም ጆሮውም የተዘጋ ነው፤ ዓይኑ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይከፈታል፤ ጆሮው ከዚያ ጥቂት ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ከረኀብ ይልቅ የሚገድለው ብርድ ነው። ገና የተወለደ ቡችላ ተንቀጥቅጦ ገላውን ማሞቅ አይችልምና በመጀመሪያው ሳምንት የመኝታው ሙቀት 30 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይገባል። በደጋ አገር ሌሊት ይህን ለማግኘት የፍል ውኃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከገለባው ሥር ማኖር ይበቃል። የቀዘቀዘ ቡችላ ቢገኝ አስቀድሞ ቀስ በቀስ ይሙቅ፤ ሳይሞቅ ወተት ቢሰጡት ሆዱ ሊፈጭለት አይችልምና ይሞታል። ብዙ ሰው በደግነት የሚሳሳተው በዚህ ነው።

የእናቲቱ የመጀመሪያ ወተት፣ ማለት እንገሩ፣ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ሊደርስ ያስፈልጋል፤ እናት በክትባትና በኑሮ ያገኘችው መከላከያ ወደ ልጆቿ የሚተላለፈው በእርሱ ነውና። ደካማውን ቡችላ ወተት ወደሚበዛባቸው ወደ ኋለኞቹ ጡቶች ማስጠጋት መልካም ነው። ሚዛን ያለው ሰው በየቀኑ ይመዝናቸው፤ ጤነኛ ቡችላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል። የማይጨምር ቢኖር ከመታመሙ አስቀድሞ ይታወቃል ማለት ነው።

እናቲቱ የሞተች እንደ ሆነ የላም ወተት ብቻውን አይበቃም፤ የውሻ ወተት ስቡም ሥጋ የሚሠራው ክፍሉም ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ነውና። የዕንቍላል አስኳል የተመታበት ለብ ያለ ወተት ለጊዜው ይረዳል። በሚያጠቡት ጊዜ ቡችላው በሆዱ ይተኛ እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባው አይንጋለል፤ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ከጠባም በኋላ በረጠበ ጨርቅ ከሆዱ በታች ማበስ ያሻል፤ እናቱ ካልላሰችው ሽንቱን በገዛ ራሱ ለመሽናት አይችልም።

ከ3 ሳምንት ጀምሮ ቀጭን ገንፎ በወተት እየቀጠኑ ማስለመድ ይቻላል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ጡት ይተዋል። እስከ 3 ወር በቀን 4 ጊዜ፣ እስከ 6 ወር 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 2 ጊዜ ይብላ። የገበታ ትራፊ ሁሉ ለውሻ ይስማማል ማለት ስሕተት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉና ወጥ የተነከረበት እንጀራ ለቡችላ የዘወትር ምግብ ሊሆን አይገባም፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። አባቱ ግዙፍ ነው ተብሎ ቶሎ እንዲገዝፍ ከመጠን በላይ ማብላት፣ የካልሲየም ዱቄትም መጨመር አጥንቱን ያጣምመዋል እንጂ አያጠነክረውም።

ስለ ትል የሚነገረው ከቡችላው ጤና ያለፈ ነው። ወስፋት ከእናቲቱ ወደ ቡችላው ገና በማኅፀን ሳለ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ንጹሕ የሚመስለውም ቡችላ ወስፋት አለበት ብሎ መያዝ ይገባል። መድኀኒቱ በ2፣ በ4፣ በ6ና በ8 ሳምንቱ ይሰጠው፤ እናቲቱም አብራ ትውሰድ። የዚህ ወስፋት ዕንቍላል ከኩሱ ወደ ዐፈር ገብቶ በዐፈር ከሚጫወት ሕፃን እጅ ወደ አፉ ሲደርስ ጉበትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይንን ይጎዳል። ሌላው ደግሞ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ እንደ ውኃ ፊኛ ሆኖ የሚታየው ቋጠሮ ነው። በበዓል ቀን በግ በየደጁ ሲታረድ ይህ ቋጠሮ ያለበት ሳንባ “ለውሻው ይሁን” እየተባለ ይጣላል። ውሻው በበላው ጊዜ በአንጀቱ ትናንሽ ትሎች ይራባሉ፤ ዕንቍላላቸውም በሣርና በእጅ ወደ በግና ወደ ሰው ተመልሶ፣ በሰው ጉበት ውስጥ ያንኑ ቋጠሮ ያበቅላል፤ ያንጊዜም መዳኛው ብዙ ጊዜ የሐኪም ቢላዋ ነው። እንዲህ ያለውን ሥጋ ማቃጠል ወይም ውሻ ቈፍሮ ከማያወጣው ጥልቀት መቅበር ምንም ወጪ የለበትም፤ በየቄራውም በሹም ትእዛዝ ሊጸና የሚገባው ነገር ነው።

“ዲቃላ አይታመምም” የሚለው ወሬ ከሁሉ የሚጎዳ ወሬ ነው። በመዳቀል የሚገኘው ብርታት ከተሰወረ የዘር ጕድለት ያድናል እንጂ ከተላላፊ በሽታ አያድንም። ፓርቮ የሚባለው ከ1978 ጀምሮ የታወቀ ደም የሚያስቀምጥ በሽታ፣ ዲስቴምፐር የሚባለውም ሳንባንና አንጎልን የሚያጠቃው፣ ዲቃላ ንጹሕ ሳይሉ ይገድላሉ። ክትባታቸው ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምሮ በየ3ና በየ4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። የሚደገምበት ምክንያት ክትባቱ ደካማ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከእናቲቱ እንገር የተገኘው መከላከያ በቡችላው ደም ውስጥ ሳለ ክትባቱን ይሽረዋል፤ በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅም በእያንዳንዱ ቡችላ ይለያያል።

እብድ ውሻ በሽታ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በአዲስ አበባ ይህ በሽታ በ1903 እንደ ወረርሽኝ ሆኖ መነሣቱ ተጽፎ ይገኛል፤ እስከ ዛሬም አልጠፋም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከ100 እጅ 99 እጅ ያህሉ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው፤ ከሚሞቱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ቡችላ አያብድም የሚሉ ሰዎች ቢኖሩም ሐሰት ነው። እንዲያውም ልጆች አቅፈው የሚውሉት፣ ፊታቸውን የሚልሳቸው ቡችላው ነው። የዚህ በሽታ ክትባት እንደ ተለመደው በ3 ወሩ ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላም ይደገማል። ነገር ግን ባንድ ወረዳ ውሾች ሁሉ በዘመቻ በሚከተቡበት ቀን ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ ቡችላ ቢመጣ “ገና ነው” ተብሎ ሊመለስ አይገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቡችሎቹ አብረው እንዲከተቡ ይመክራል። ከወረዳው ውሾች 70 ከመቶ ካልተከተቡ በሽታው መተላለፉን አይተውም። የተመለሱት ቡችሎች ከሒሳቡ የወጡ እንደ ሆነ፣ ቍጥሩ በወረቀት ሞልቶ በመንደሩ ጎድሎ ይገኛል።

ወደ ጠባዩ እንመለስ። ቡችላ ሰውን የሚለምድበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ይኸውም ከ3 እስከ 12 ሳምንት ያለው ነው። በ1961 የታተመ አንድ ምርምር እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ከፍ ባለ አጥር ውስጥ እናታቸው ዘንድ ሰው ሳያዩ ካደጉት ቡችሎች አንዳንዶቹ በየዕድሜያቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው ጋራ እንዲሆኑ ተደረገ፤ እነርሱም ለመዱ። እስከ 14 ሳምንት ድረስ ሰው ያልቀረባቸው ግን እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀሩ። ስለዚህ ቡችላን በዚህ ዕድሜው በጨለማ ጓዳ ዘግቶ ወይም ከግንድ አስሮ የሚያሳድግ ሰው ጠባቂ ሳይሆን ፈሪ ያወጣል፤ ፈሪ ውሻም ከደፋር ይልቅ ልጅ ይነክሳል። ኀይለኛ እንዲሆን ብለው በርበሬ የሚያበሉ፣ ጆሮውንም የሚቈርጡ አሉ። በርበሬው ሆዱን ያቃጥለዋል፤ የጆሮውም ቍስል ዝንብ ይጠራል፤ ውሻውን ከሰው እጅ ከማስፈራት በቀር ሌላ ያመጡለት ነገር የለም። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚጮኸው ለሚያውቀው ቤት ነው።

ለበግ ጥበቃ የሚፈለገውም ቡችላ ከ8 ሳምንት ጀምሮ በበጎቹ በረት አጠገብ ይደር፤ ሽታቸውን ይልመድ፤ ከግልገል ጋራ መሯሯጥ ሲጀምር ወዲያው ይገሠጽ። በናሚቢያ ከ1994 ጀምሮ ከአናቶልያ የመጣ ትልቅ የእረኛ ውሻ ለገበሬዎች እየተሰጠ አቦሸማኔ ከመንጋው እንዲርቅ አድርጓል። በቦትስዋና ግን ያገሩን ተራ ውሻ በዚሁ ሥርዐት አሳድገው ለመንጋ ጠባቂነት አሰማርተውታል። እንግዲህ ጥሩ ያገር ውሻ ያለው ገበሬ ዲቃላ አጣሁ ብሎ የሚያዝንበት ብዙ ምክንያት የለውም፤ ዲቃላው ብዙ ይበላል፣ በቆላም ሙቀት ይደክማል።

በባሌና በሌሎች ከፍተኛ ደጋ አገሮች ላሉ ሹማምንት ደግሞ ሌላ ኀላፊነት አለባቸው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቍጥሩ ከ500 የማያልፍ፣ ከውሻ በሽታ ይቀበላል። በ1991ና በ1992 በባሌ ተራሮች እብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛውን ፈጀ፤ በ2003ና በ2004ም ተመልሶ መጣ፤ ዲስቴምፐርም በተራው በ2005ና በ2006 እንዲሁም በ2010 ገደላቸው። በዚያው ሸለቆ ሴቲቱ ቀይ ቀበሮ ከወንድ ውሻ ጋራ ተገናኝታ አፈ ሙዛቸው ያጠረ፣ ገላቸው የደነደነ፣ ጠጕራቸውም የተለወጠ ዲቃሎች ወልዳ ተገኝታለች። ይህ ዓይነት መዳቀል ብርታት አይባልም፤ አንድን ዘር በጥቂት ትውልድ ውስጥ አሟሙቶ የሚያጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ቡችላ የሚያገኝ እረኛ ወደ ቤቱ ወስዶ እንዳያሳድግ፣ ለፓርኩ ጠባቂዎችም እንዲያስታውቅ ይነገረው። ከ2018 ጀምሮ ለቀይ ቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተደረገ የሚበላ ክትባት መስጠት ተጀምሯል፤ ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ውሾች ካልተከተቡና ወንዶቹ ካልተኰላሹ ሥራው ሁሉ እንደ ወንፊት ውኃ ይሆናል።

ቡችላም ሆነ ትልቅ ውሻ ሰው የነከሰ ወይም የቧጨረ እንደ ሆነ፣ ቍስሉ ሳይውል ሳያድር በብዙ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ የተነከሰውም ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ጸበልም ሆነ የባህል መድኀኒት የሚሻ ቢኖር ከክትባቱ ጋራ ይሁን እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላልና። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ተይዞ 10 ቀን ይጠበቅ። በነዚህ ቀኖች ያልታመመ እንደ ሆነ፣ ሲነክስ በምራቁ በሽታ እንዳልነበረበት ይታወቃልና ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። የታመመ ወይም የተገደለ እንደ ሆነ ግን ጭንቅላቱ በዱላም በጥይትም እንዳይሰበር፤ በሽታው የሚመረመረው በአንጎሉ ነው። በእጅ ሳይነካ በበረዶ ታሽጎ ለእንስሳት ሐኪም ይላክ፤ ውሻው መቼ እንደ ነከሰና ማንን እንደ ነከሰ፣ ክትባት ያገኘ መሆኑና አለመሆኑም ተጽፎ አብሮ ይሂድ።